የመስቀል ልጅ ነው አልኳቸው

በሕይወቴ ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬአለሁ። ከባሌ ጋር፣ ከቀበሌ ሊቀመንበር ጋር፣ ከዶሮ ነጋዴ ጋር፣ አንድ ጊዜም ከነፍስ አባቴ ጋር። ካረጀሁ በኋላ እንኳ ይህ ዐመሌ አልለቀቀኝም። እንደዚያች የሰኔ ቀን ግን ተከራክሬ አላውቅም። ያን ቀን የተከራከርነው ስለ ገዛ ሆዴ ነበር። ተሸንፌ ቢሆን ኖሮ የበኩር ልጄ ዛሬ የለም። እስቲ ቁጭ በሉና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ጊዜው የጣሊያን ነው። እኔ ገና ለጋ ሙሽራ ነኝ፤ ከተዳርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። የተወለድኩት ከወልቂጤ ወዲያ፣ ቸሃ ነው። የተዳርኩት ግን ቡታጅራ አጠገብ ባለች የመስቃን መንደር ነው። ወንድሜና ባሌ ወልዴ አዲስ አበባ ጨርቅ ሲነግዱ ተዋውቀው፣ ተዋደው፣ በመጨረሻ ወንድሜ እኔን ዳረለት። የእኔ የቸሃ ጉራጌኛና የባሌ ቤተሰቦች የመስቃን ጉራጌኛ በደንብ ስለማይግባቡ ከአማቴ ጋር የምናወራው ባብዛኛው በአማርኛ ነበር። የምንጣላውም በአማርኛ ነው። ሁለታችንም ቋንቋውን እኩል ስለምንሰባብረው ጥላችን ቶሎ ወደ ሳቅ ይለወጥ ነበር።

አማቴ እትዬ ወርቄ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማ ሴት ነበሩ። እወዳቸው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ወደ ፊት የምተርክላችሁን ስትሰሙ እንዳትቀየሟቸው ብዬ ነው።

መቼም የእኛን አገር ወንድ ታውቁታላችሁ። ዓመቱን ሙሉ አዲስ አበባ ሲነግድ ይከርምና ለመስቀል አገሩ ይገባል። ክትፎው ይበላል፣ ደመራው ይለኮሳል፣ የሽማግሌ ምርቃት ይቀበላል፤ ከዚያ ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ በሰፈራችን ብዙው ልጅ የሚወለደው ሰኔ ላይ ነበር። ማንም በጣቱ ወር የሚቆጥር የለም። ከመስቀል ነው ካልሽ ሰኔ ነው፣ አለቀ። በግንቦት ደግሞ ሆድሽ በር የሚዘጋ መሆን አለበት።

እኔም ያረገዝኩት በመስቀል ነው። ችግሩ ማን ይመነኝ? ባሌ እንደ ሄደ እንሴኖ ገበያ ወርጄ ወባ ይዞኝ መጣሁ። ያንቀጠቅጠኛል፣ ያስመልሰኛል፣ ምግብ ይዘጋኛል። ማስመለሱ ከወባው ይሁን ከልጁ ማን ይለየዋል? ሁሉም ሰው "ወባው ነው" አለ። ገና ሳይሻለኝ ወልዴ ከጣሊያን የይለፍ ወረቀት አግኝቶ ለኅዳር ሚካኤል ድንገት መጣና ጥቂት ቀን ሰንብቶ ሄደ። እኔ አገግሜ "አርግዣለሁ" ብዬ ስናገር ጊዜ መንደሩ በሙሉ ከኅዳር ሚካኤል መቁጠር ጀመረ።

"ከመስቀል ነው፣ እማ" እላቸዋለሁ አማቴን።

"እሱ የወባ ነው፣ ልጄ። ወባ ደም ያዘገያል።"

"እኔ አውቀዋለሁ፤ ከመስቀል ነው።"

"ሆድሽን እስቲ እዪው! ይኼ የመስቀል ሆድ ነው?"

እውነታቸውን ነው፣ ሆዴ ትንሽ ነበር። የመስቀል እርጉዞች ወገባቸውን ይዘው ሲንገዳገዱ እኔ ወንዝ እየዘለልኩ እሻገር ነበር። ቀሚሴ ላይ ቀና ብሎ የሚታየው ነገር ከአንድ ድፍን ዳቦ አይበልጥም።

ሆዴ ለምን ትንሽ እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። ያን ጊዜ እርጉዝ ሴት ወተትና ቅቤ ከበዛባት ልጁ ሆድ ውስጥ ይገዝፍና መውጫ ያጣል ይባል ነበር። እትዬ ወርቄ ደግሞ ይህን ከሰው ሰምተው ብቻ አይደለም የሚያምኑት። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። እኔ ወደዚያ ቤት ከመምጣቴ በፊት ልጁ ገዝፎባት በምጥ ሞታለች። በእርግዝናዋ ቅቤውን እያቀለጡ ያጠጧት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። እኔ ሳረግዝ ታዲያ የወተት ዕቃውን ሁሉ ከእጄ አራቁ። እኔን እንዳያጡ ብለው ነበር የሚያስርቡኝ። ጣሊያን እህሉንና ከብቱን እየጠራረገ ስለነበር ሌላውም ምግብ ቀጭን ነው። ጠዋት ቆጮ በጎመን፣ ማታ ጎመን በቆጮ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወተት ከጀርባዬ አይወርድም ነበር። እዚህ ላይ ስለ ውጆ ልንገራችሁ። ውጆ የቅቤ ዕቁብ ማለት ነው። አንዲት ሴት የአንድ ላም ወተት ብታጠራቅም ለመናጥ አይበቃትም። ስለዚህ ጎረቤታሞች ይሰበሰቡና የየቤታቸውን ወተት ለባለተራዋ ይሰጣሉ፤ እሷ ትንጣለች፣ ጥሩ ቅቤ ታወጣለች፣ ተራው ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ውጆ ነበር የሚገባው። የውጆ ወተት ደግሞ የተከበረ ነው፤ በመንገድ ላይ ጣቷን ነክራ የላሰች ሴት ስሟ ይጠፋል። የእኛ ውጆ ዳኛ ማን ይመስላችኋል? አማቴ! ከየቤቱ ሰብስባ ለባለተራዋ የምታደርሰውስ? እኔ! እርግዝናዬን ሙሉ በቅል ሙሉ ወተት ጀርባዬ ላይ እየተንቦጨቦጨ፣ ሽታው እየሸተተኝ፣ አንዲት ጉንጭ ሳልቀምስ ተመላለስኩ።

ለበኩር ልጅ ሴት እናቷ ቤት ሄዳ ትወልዳለች። የእኔ ቁጥር ከኅዳር ስለሆነ "ሐምሌ ሲገባ ቸሃ እንልክሻለን" ተባልኩ። ሰኔ ገባ፤ እኔ አሁንም ወተት እሸከማለሁ።

ያን ቀን ጠዋት ስነሣ ወገቤን ይቆርጠኛል። ለእትዬ ወርቄ ነገርኳቸው።

"ሸክም ነው" አሉኝ። "ዛሬ ተራው የከድጃ ነው። አድርሰሽላት ስትመለሺ ታርፊያለሽ።"

ከድጃ ከእኛ በላይ ያለችው ጎረቤታችን ናት። ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች፤ ሳቂታ፣ ደፋር፣ ምላሷ የተሳለ። ቅሉን አዝዬ ወደ እሷ ወጣሁ። መንገዱ ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ይዞ ነው የሚሄደው። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጭቃው እግር ይይዛል። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ከድጃ ራሷ ላሟን እየጎተተች ከላይ ስትሮጥ አየኋት።

"ተመለሺ! ተመለሺ!" አለችኝ። "ሶላቶ መጥቷል። ከብት እየቆጠረ ነው።"

ሶላቶ የምንለው የጣሊያንን ወታደር ነው፤ ዛሬ የቆጠረውን ነገ መጥቶ ለሥጋ ይነዳዋል። የደበቀ የተገኘ ሰው ይገረፋል። መንደሩ ሁሉ ከብቱን ወደ ገደሉ እየነዳ ነበር፤ የእኛንም ላሞች አማቴ ራሳቸው ነድተው ወጥተዋል። እኔና ከድጃ ግን ወደ ኋላ ልንመለስ ስንል የካሚዮን ድምፅ ከታችም መጣ። ከላሟ ጋር እንሰቱ ውስጥ ዘልቀን ገባን። ከኮባው ሥር አጎንብሰን ስንጠብቅ ካሚዮኑ መጣ፣ መጣ፣ እና ልክ ከፊታችን ጭቃ ውስጥ ቀረ።

የዛሬ ልጆች በእኛና በመንገዱ መካከል ምን ያህል ርቀት ነበር ትሉኝ ይሆናል። ሶላቶዎቹ ሲሳደቡ ምራቃቸው ይታየኝ ነበር። ወረዱ፣ ገፉ፣ ተንሸራተቱ፣ እርስ በርስ ተጯጯሁ። አንዱ ሚዛኑን ስቶ ጭቃው ላይ በአፍጢሙ ተደፋ። በሌላ ቀን ቢሆን እስኪያመኝ እስቅ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ወገቤ ላይ ያለው ነገር ወደ ፊት ዞሮ ሆዴን የጨመደደው።

"ከድጃ" አልኳት በሹክሹክታ።

"ዝም በይ።"

"እየመጣ ነው።"

"ማን? ሶላቶ?"

"ልጁ!"

ዞር ብላ አየችኝ። "የኅዳር ሚካኤሉ?"

"የመስቀሉ!" አልኳት ጥርሴን ነክሼ። በዚያች ሰዓት እንኳ አልተውኩትም።

የሚቀጥለው ምጥ ሲመጣ አፌ ሊከፈት ሆነ። ላሟ ከተገኘች ከድጃ ተገራፊ ናት፤ እኛ ከተገኘን ደግሞ ምን እንደሚያደርጉን አናውቅም። ከድጃ አካባቢዋን አየች፤ አፌን የምትደፍንበት ነገር ፈለገች። ከዚያ ከጀርባዬ ቅሉን አውልቃ አፉን ከፈተችና ከንፈሬ ላይ ደቀነችው።

"ጠጪ!"

"የውጆ ነው።"

"የውጆው ባለተራ እኔ ነኝ። ጠጪ ነው የምልሽ!"

ጠጣሁ። ምጡ ሲመጣ እጠጣለሁ፣ ሲሄድ እተነፍሳለሁ፣ ሲመለስ እጠጣለሁ። ለብ ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ አናቱ ላይ ቅባት የያዘ ወተት! ሶላቶ ከፊቴ ቆሞ፣ ዝናብ በአንገቴ እየገባ፣ ሆዴ እየተቀደደ፣ እኔ በደስታ ዐይኔን ጨፍኜ ወተት እጠጣለሁ። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ነገር በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም። ከድጃ ቅሉን ስታነሣው ባዶ ነበር።

"ወላሂ ጨረስሺው!" አለች። ሳቋ መጥቶባት በእጇ አፏን ያዘች።

ልጁ ትንሽ ስለነበር ብዙ አላስቸገረኝም። ሶላቶዎቹ ከካሚዮኑ ጎማ ሥር የእኛኑ አጥር አፍርሰው ረበረቡና ሞተሩን አስነሡት። ሞተሩ ሲያገሳ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን ለቀቅኩ። ካሚዮኑ ከጭቃው ወጥቶ እየተንደረደረ ሲሄድ ልጄ ከድጃ እጅ ላይ ወደቀ። አለቀሰም። ለቅሶው ከሰውነቱ ጋር አይመጣጠንም ነበር፤ ላሟ ደንግጣ ገመዷን ልትበጥስ ሆነች። መንገዱ ላይ ግን የሚሰማ ሰው አልቀረም።

ከድጃ እትብቱን በቃጫ አሥራ ለላሟ ሣር ልታጭድ በያዘችው ማጭድ ቆረጠች። ከዚያ ልጁን ከፍ አድርጋ ትክ ብላ አየችው።

"ምንድን ነው?" አልኳት።

"ወንድ ነው። አልሐምዱሊላህ። ግን … ሽማግሌ ነው።"

እውነትም ሽማግሌ ይመስል ነበር። ግንባሩ ተጨማዷል። ጭኑ ላይ ያለው ቆዳ ለሌላ ትልቅ ልጅ ተሰፍቶ በስሕተት ለእሱ የተሰጠ ይመስል ይንጠለጠላል። እጁና እግሩ ላይ ቆዳው ደርቆ ይላጣል። ዐይኖቹን ግን ቦግ አድርጎ ከፍቶ ከእኔ ወደ ከድጃ፣ ከከድጃ ወደ እኔ ያያል። በጥፍሩ ከድጃን አውራ ጣቷ ላይ ቧጠጣት። ደረቴ ላይ አድርጌ በነጠላዬ፣ ከላይ በኮባ ሸፍኜው፣ በከድጃ ተደግፌ ወደ ቤት ወረድኩ።

እትዬ ወርቄ ከብቶቹን ደብቀው ተመልሰው ነበር። ሲያዩን መጀመሪያ ደረታቸውን መቱ፣ ቀጥሎ ልጁን ተቀበሉኝ፣ ቀጥሎ ማዘዝ ጀመሩ።

"የሰባት ወር ልጅ ነው! ያልበሰለ ነው! ጥጥ አምጡ። ብርሃን እንዳያየው። ማንም እንዳይነካካው።"

"እማ፣ ላጥባው።"

"ያልበሰለ አንጀት ጡት አይችልም፤ ይፈነዳል። ለዚያውም የመጀመሪያው የጡት ወተት ቢጫ ነው፤ እሱ ታልቦ ይደፋል። ለጊዜው ቅቤ በጣቴ አስልሰዋለሁ።"

"እማ፣ የሰባት ወር አይደለም። ከመስቀል ነው።"

"አሁን የክርክር ሰዓት ነው?"

ልጄን በጥጥ ጠቅልለው ከከብቶቹ ማደሪያ አጠገብ፣ ጨለማው ጥግ አስተኙት። ቦታው በሌላ ቀን የቤቱ ሙቅ ሥፍራ ነው፤ የከብቱ ትንፋሽ ያሞቀዋል። ያን ቀን ግን ከብቶቹ ገደል ውስጥ ነበሩ። ቤታችን እንደዚያ በርዶ አያውቅም፤ ስለ ብርዱ ግን ማንም አላሰበም።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች አንድ በአንድ ገቡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ እግዜር ሌላ ይሰጥሻል" ይሉኛል። ልጄ እዚያው እየተነፈሰ እኔን ማጽናናት ጀመሩ! አመስግኜአቸው እንዳይመስላችሁ። "ሌላውን በኋላ አስብበታለሁ፤ መጀመሪያ ይኼን ስጡኝ" አልኳቸው። አራስ ናት፣ አእምሮዋ ተነክቷል ብለው ተዉኝ።

ወደ ማምሻው ላይ ያ ትልቅ ለቅሶው ቆመ። ሄጄ ሳየው እግሩ ቀዝቅዟል፤ እጆቹ በራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። ዐይኑን እንደ ጠዋቱ አይከፍትም። ያን ጊዜ ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። መሬት ላይ ተቀምጬ "ከመስቀል ነው! ከመስቀል ነው!" እያልኩ ጮኽኩ። ከዚህ ሌላ የምለው ነገር አልመጣልኝም።

ከድጃ ተነሣች። እስከዚያ ድረስ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

"እትዬ ወርቄ፣ ልጁን ልየው?"

"ጠዋት አላየሽውም?"

"ጠዋት ሶላቶውን ነበር የማየው።" ጥጡን ገለጥ አደረገች። ጆሮውን በጣቷ አጠፈችው፤ ጆሮው ተመልሶ ቀጥ አለ። እጁን አነሣች። "እትዬ ወርቄ፣ እኔ የሰባት ወር ልጅ ወልጄ ቀብሬአለሁ፤ እርስዎም አብረውኝ አልቅሰዋል። የእኔ ልጅ ጆሮው እንደ ጨርቅ እንደታጠፈ ይቀር ነበር። ጥፍር አልነበረውም። ቆዳው ቀጭን፣ ቀይ። ይኼን ይዩት፤ ጥፍሩ ከጣቱ አልፎ እኔን ቧጥጦኛል። ይኼ ልጅ ወሩን ጨርሷል። ያልጨረሰው ምግቡን ነው።"

እትዬ ወርቄ ጎንበስ ብለው ቅቤ የነካውን ትንሿን ጣታቸውን ልጁ ከንፈር ላይ አደረጉ፤ ጠዋት እንዳደረጉት በላዩ ሊያስነኩት። ልጁ ግን አፉን ከፍቶ ጣታቸውን ያዘ። ይዞም መሳብ ጀመረ።

"ጣቴን!" አሉ። "ኧረ ጣቴን ያዘኝ! አልለቅም አለ!" ሲስቁ እንባቸው ወረደ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና እንባው ብቻ ቀረ። "ርቦታል" አሉ ቀስ ብለው። "ይኼ ልጅ ከሆድሽ ውስጥ ጀምሮ ርቦታል። እኔ ነኝ ያስራብኩት።"

"እማ፣ እኔን እንዳያጡ ብለው ነው" አልኳቸው። እኔም አለቀስኩ። ወዲያው ግን "አሁን ይስጡኝ!" አልኩ፤ ክርክሩን መልሰው እንዳያነሡት ፈርቼ።

ሰጡኝ። ቢጫውን እንደፋ ያለ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አልሰማውም ነበር። ልጄ መጀመሪያ ደካማ ነበር፤ ጡቴን ይዞ ይተዋል፣ ይዞ ይተዋል። ከዚያ ያዘ። ድምፁ ቤቱን ሞላው። እንዲያ ሲያጣጥም ሴቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ይሰሙ ነበር።

እግሩ አሁንም ቀዝቃዛ ነበር። ከድጃ የቀሚሷን ደረት ፈታ አድርጋ "አምጪው፣ ከብቱ እስኪመለስ እኔ ላሟ ልሁን" አለች። ራቁቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ በጋቢ ተሸፈነች። እሷ ስትደክም ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ከሌላዋ ደግሞ እትዬ ወርቄ። ሲርበው ወደ እኔ ይመጣል፣ ሲጠግብ ወደ ባለተራዋ ይሄዳል።

በማግስቱ ጠዋት የውጆው ሴቶች በሙሉ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። እኔ ልጁን ሊያዩ የመጡ መስሎኝ ነበር። ለካስ ችሎት ነው! አማቴ ከፍ ያለው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

"የውጆ ወተት ጠፍቷል" አሉ። "ባለተራዋ ማን ነበረች?"

"እኔ" አለች ከድጃ።

"ማን ጠጣው?"

ከድጃ በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። ከሃዲ! አፌ ላይ የደቀነችው ራሷ መሆኗን እንኳ አልተናገረችም። ልናገር ስል ዐይኗን ጠቀሰችኝ።

"ጠጥተሻል?" አሉኝ አማቴ።

"ጠጥቻለሁ፣ እማ።"

"ስንት ጉንጭ?"

"ቅሉን።"

ሴቶቹ ጉንጫቸውን ነፍተው ሳቃቸውን ይይዛሉ። እትዬ ወርቄ ግን አልሳቁም። "የውጆ ወተት የጠጣ ሰው ተራውን ወስዷል ማለት ነው" አሉ። "ስለዚህ ተራው የዚህች ሴት ነው። የጀመረችውን ትጨርስ። የየቤቱ ወተት ከዛሬ ጀምሮ ወደዚህ ይምጣ፤ አይናጥም፣ ይጠጣል። የዚህ ልጅ ጉንጭ እስኪሞላ ድረስ ተራው ከዚህ ቤት አይወጣም።"

"እኔስ ተራዬ?" አለች ከድጃ።

"አንቺማ ልጁን ታቅፈሽ እየሞቅሽበት ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

ያን ጊዜ ነው ሳቁ የፈነዳው። ሳቁ ሲበርድ አማቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ጨመሩ። "ወደ ፊትም በዚህ ውጆ ያረገዘች ሴት ካለች ተራው መጀመሪያ የእሷ ነው። ትጠጣለች። የወር ቁጥሯንም ራሷ ትነግረናለች።" ይህን ሲሉ እኔን አላዩኝም። እኔ ግን ለእኔ እንዳሉት አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላም ስለዚያ ነገር ወቅሼአቸው አላውቅም።

ወልዴ ለመስቀል ሲመጣ ልጁ ጉንጩ ሞልቶ ጠበቀው። ስሙን መስቀሌ አልኩት፤ ክርክሩ ለዘላለም እንዲዘጋ።

አሁን ደግሞ የሆነውን ሁሉ በማር ለውሼ እንዳላጎርሳችሁ እውነቱን ልጨምርላችሁ። መስቀሌ ጉንጩ ሞላ እንጂ የጎደለበት ሁሉ አልሞላም። ዘግይቶ ነው የሄደው። ሳል በመንደሩ ካለፈ እሱን ሳይጎበኝ አያልፍም ነበር። እስካሁንም ከወንድሞቹ ሁሉ አጭሩ እሱ ነው፤ በሩን ጎንበስ ብለው የሚገቡት ወተት እየጠጣሁ ያረገዝኳቸው ታናናሾቹ ናቸው። ብዙ ዓመት ቆይቶ ቡታጅራ ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ አስረድታኛለች። እናት ካልበላች፣ ወባም ከያዛት፣ ልጁ ወሩን ሞልቶ ሊያንስ ይችላል፤ እንዲህ የተወለደ ልጅ ቶሎ ይበርደዋል፣ ቶሎ ይርበዋል፣ በኋላም በሽታ ይደጋግመዋል አለችኝ። "ከድጃ ነግራናለች" አልኳት። ነርሷ ከድጃ የምትባል ሐኪም መስላት "የት ሆስፒታል ነው የምትሠራው?" አለችኝ።

ያች ቀን እኔን ምን አደረገችኝ ብትሉኝ፣ ጣልቃ ገቢ አደረገችኝ። በየቤቱ እየገባሁ እርጉዝ ሴት ምን እንደበላች እጠይቃለሁ። አንዳንዷ ስታየኝ በጓሮ ትሸሻለች። ይሸሹ፤ በልተው ይሽሹ ብቻ። እናንተም ይህን የምትሰሙ፣ ቤታችሁ ያረገዘች ሴት ካለች፣ ሆዷን አይታችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት እሷን ጠይቋት። ሆዱ ከወሩ ካነሰ ወሩን አትቀንሱባት፤ ምግቡን ጨምሩላት፣ ወደ ጤና ጣቢያም ውሰዷት።

ባለፈው ዓመት የመስቀሌ ልጅ ሚስት አረገዘችና ሆዷ ቀጭን ሆነብኝ። ጤና ጣቢያ ወስደናት በየሳምንቱ እየመጣች እንድትታይ ተነገረን። ቤት ስንመለስ ጎረቤቶች ተሰብስበው ክርክሩን ጀመሩት። አንዷ ከጥር ነው ትላለች፣ ሌላዋ ከኅዳር ነው ትላለች። ልጅቷ መሐላቸው ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። እኔ ምላሴን ልስል ስል መስቀሌ ከጓዳ ወጣ። ራሱ ሸብቷል፤ ከሴቶቹ መካከል ሲቆም ከእነሱም አይረዝምም። በእጁ አንድ ትልቅ ኩባያ ወተት ይዟል።

"ልጄ፣ ከመቼ ነው?" አላት።

"ከመስቀል" አለች በቀጭን ድምፅ።

"እንግዲያው ከመስቀል ነው" አለና ኩባያውን እጇ ላይ አስቀመጠላት። "ጠጪ!"